የሹራቡ እጅጌ

ቤቱ አንድ ክፍል ነው። በመስኮቱ በኩል የእናትየው ስፌት መኪና፣ በበሩ በኩል የአባትየው የቀለም ቆርቆሮና ብሩሽ፣ መሀል ላይ ደግሞ አንድ ልጃቸው፣ ጌታው። ጌታው ያለችው እናቱ ናት፤ ኦቲዝም ስላለበት አይናገርም፣ የሚፈልገው ነገር ሲኖር የሰው እጅ ጎትቶ እቃው ላይ ያስቀምጣል። «ዛሬስ ምን ይታዘዙ ጌታው?» ትለዋለች እየሳቀች። ሰፈሩ ዲዳ ነው ብሎ ቆርጦለታል። እሷ ግን እጇን ኩባያው ላይ ሲያስቀምጠው ቶሎ አትሰጠውም። «ውሃ» ትልና ትጠብቃለች። ያለቅሳል፣ ትጠብቃለች... ወራት አለፉ። አንድ ቀን ጨርቅ ስትቀድ እጇን ያዘና «ውሃ» አላት። መቀሱ ከእጇ ወደቀ። ለአንዲት ቃል እንዲህ ይለቀሳል እንዴ? ይለቀሳል!

የንግግር ባለሙያዋ ግን አስጠነቀቀች። «ቃሉን የለመደው ባንቺ እጅ ነው። አባቱም ያለማምደው፣ አለዚያ ካንቺ ጋር ብቻ ይቀራል።» አባትየው እሺ አለ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ሆደ ቡቡ ነው። ልጁ ገና መነፋረቅ ሲጀምር ኩባያውን ሞልቶ ያቀብለዋል።

«አንተ ሰውዬ፣ ጠብቀው እንጂ።»

«ጠምቶት ነዋ። አንቺ አለሽለት አይደል? ነገ አለማምደዋለሁ።»

ነገ ግን የማን ነው? እናትየውን ሳል ጀመራት። ብርድ ነው ሲባል፣ ለካ ሳንባዋ አልቋል። አልጋ ላይ ሆና «እኔ ስሄድ ቃሉ አብሮኝ እንዳይሄድ» አለችው። «እንግዲያ አትሂጂ» አላት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነና፣ አባትየው ኩባያውን ይዞ እጁን እየዘረጋ መጠበቅ ያን ጊዜ ጀመረ። ልጁ አልፎት ወደ አልጋው ይሄዳል፣ የእሷን እጅ ይይዛል። አንድ ጠዋትም እጇን ያዘ። «ውሃ» አለ። እጇ አልተነሳም። «ውሃ» አለ ደግሞ... አባትየው ብሩሹን ሲያጥብ ሰማና ገባው።

ቀባሪው ሁሉ ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ልጁ ሹራቧ የተንጠለጠለበት ወንበር ጋ ሄደ። ባዶውን እጅጌ ጎትቶ ኩባያው ላይ አስቀመጠ። «ውሃ።» አባትየው ምን ያድርግ? ሹራቡን አነሳና ክንዱን በዚያ ጠባብ እጅጌ ከተተ። ብብቱ ጋ ተተረተረ። ከእጅጌው የወጣው ግን ቀለም የበላው ሻካራ እጅ ነው። ልጁ እጁን አየው፤ ገልበጥ አድርጎ አየው፤ ለቀቀው።

«በለኝ ጌታው... አባትህ ነኝ። እጠብቅሃለሁ።»

ልጁ ወንበሩ ስር ተቀመጠ፤ አፉን ገጠመ።

ሞት ሰው እንደሚወስድ ሁላችንም እናውቃለን። ከሕፃን አፍ ቃል መዝዞ እንደሚወስድ የነገረን ማን ነበር? አባትየው ዛሬም ከስራ ሲገባ ኩባያውን ይሞላና እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ልጁ ያለቅሳል፣ እሱም አብሮት ያለቅሳል። መጨረሻ ላይ፣ እንደ ድሮው፣ ይሰጠዋል።