የቆጡ አልጋ

ወይዘሮ ወርቅዬ የሞቱት በገዛ ግቢያቸው፣ በገዛ መኪናቸው ውስጥ፣ በገዛ ምድጃቸው ከሰል ታፍነው ነው። ኢንስፔክተር አስካለማርያም ቀራንዮ መድኃኔ ዓለምን አለፍ ብሎ ካለው ግቢ ስትደርስ የእድሩ ሰዎች ድንኳን መትከል ጀምረዋል። ለቀስተኛውም ገዳዩን መርጦ ጨርሷል። ገዳይ የተባለችው ሉሲ ከውሃ ታንከሩ አጠገብ ብቻዋን ቆማለች። ለመጣው ሰው ሁሉ አግዳሚ ወንበር ሲቀርብ ለእሷ ያቀረበላት አልነበረም።

«የሟች የወንድም ልጅ ናት» አለ ሳጅን ነገሬ፣ ካቴናውን በጣቱ እያሽከረከረ። «ከልጅነቷ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ከሰል አቀጣጥላ አስገባችና በሩን ዘግታባቸው ወጣች። ጠዋት ደግሞ ‹ሞቱብኝ› ብላ የጮኸችው ራሷ ናት። ልውሰዳት?»

«ስታስገባ ያያት አለ?»

«የሟች ልጅ፣ ናዝራዊት።»

«እንግዲያው ካቴናህን ኪስህ ክተተው። እሷ ያየችውን እኔም መጀመሪያ ልየው።»

አስካለማርያም ችኩል ሰው አትወድም። በፖሊስነት ዕድሜዋ የተማረችው ነገር ቢኖር፣ ሰው ለቅሶ ቤት ሲገባ ከእንባው አስቀድሞ መቀመጫውን እንደሚመርጥ ነው።

መኪናዋ ከግቢው ጥግ ቆማለች። ታክሲ ሆና የኖረች አጭር ሚኒባስ ናት፤ አሁን ግን ተጉዘው የሚያድሩባት ትንሽ ቤት ሆናለች። ወይዘሮ ወርቅዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ አጣና ተራ እንጨት ሲሸጡ ኖረው፣ በስተርጅና «እስከ ዛሬ ሰው ወደ እኔ መጣ፣ ከእንግዲህ እኔ ወደ ሰው እሄዳለሁ» ብለው ገዟት። አሳባቸው ከሆሳዕና ወዲያ እስካለው የትውልድ ቀያቸው ድረስ፣ ደስ ባላቸው ቦታ እያደሩ መጓዝ ነበር።

አስካለማርያም ገባች። ከኋላ በኩል ሰፊ አልጋ አለ፤ ቀን ሲታጠፍ መቀመጫ ይሆናል። በጎን ጠባብ ቁም ሣጥንና የውሃ ጀሪካን። ጣሪያው ተቀዶ ከፍ ብሎ ተበይዷል፣ ከሥሩም በኮምፔንሳቶ እንደ ቆጥ ያለ ሁለተኛ አልጋ ተሠርቷል። ሟች የተኙት እዚያ ቆጥ ላይ ነው። ምድጃው አመዱን ታቅፎ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። መስኮቶቹም የጣሪያው አየር ማስገቢያም ተዘግተው ነበር የተገኙት።

«የከሰል አፈና ነው። ትግል የለ፣ ቁስል የለ» አለ የፖሊሱ ሐኪም። «አስከሬን የሚወስደው መኪና እስኪመጣ ጊዜ አለሽ።»

መሰላሉን ወጣች። እርከኖቹ ሰፋፊ ናቸው፣ በሁለቱም ወገን መያዣ አላቸው። ወይዘሮ ወርቅዬ በጎናቸው ተኝተዋል። ጋቢያቸው እስከ አገጫቸው ተስቧል፤ ሻሻቸው ጥብቅ ብሎ ከመታሰሩ የተነሣ አንዲት ፀጉር አትታይም። ከዘራቸው ወርዶ ከታችኛው አልጋ ሥር ወድቋል።

ታችኛው አልጋ ባዶ ነው፣ ስፖንጁ ግን ጎድጉዷል። ከእግርጌው አንዲት ሳንቃ ተስባ ወጥታ የቁም ሣጥኑን በር ከልክላለች። አስካለማርያም ሳንቃዋን ገፋ አደረገቻት። ድምፅ ሳታሰማ ከአልጋው ሥር ገባች፤ ከገባች በኋላ እዚያ መኖሯን የሚያውቅ የለም። ኢንስፔክተሯ እንደገና ሳበቻትና እንዳገኘቻት ትታት ወጣች።

ሉሲ የቆመችበት ድረስ ሄደች።

«ማታ ማን የት እንዲተኛ ነበር የታሰበው?»

«እትዬ ከታች፣ እኔ ከላይ።» የልጅቷ ድምፅ ሻክሯል። «መኪናዋ ትናንት ነው ከጋራዥ የመጣችው። ‹ሳላድርባት መንገድ አልገባም፣ ዛሬ ግቢያችን ውስጥ እንሞክራት› አሉ። ከእራት በኋላ ግን ናዝራዊት መጥታ ‹እማዬ ብቻዋን ልትሞክራት ነው፣ አንቺ ክፍልሽ ተኚ› አለችኝ። ሄጄ ተኛሁ።»

«ምድጃውስ?»

«ምድጃው እኔ የምሠራበት ነው። ትናንት ማታ ግን አልነካሁትም። ይኸው ነው፤ ማን ያምነኛል?»

«ለማመን አልመጣሁም፣ ለመጠየቅ ነው። እትዬ ሲተኙ ሻሽ ያስራሉ?»

ሉሲ ቀና አለች። «ኧረ በጭራሽ። ራሳቸውን ያማቸዋል። ማታ ማታ ፈትቼ በቅቤ የማሻቸው እኔ ነኝ። ቀንም ቢሆን ቤት ውስጥ አያስሩም። ወንድ እንግዳ ሲመጣ ወይ አማቻቸው ሲገባ ነው ብድግ ብለው የሚያስሩት።» ዓይኗ ወደ መኪናዋ ሄደ። «ጠዋት ልፈታላቸው ስል ናዝራዊት ‹እጅሽን አንሺ› ብላ ገፈተረችኝ።»

ሳሎን ውስጥ ናዝራዊት ጥቁር ሹራብ ለብሳ በሴቶች ተከባ ተቀምጣለች። ባሏ ቃለጽድቅ የበሩን ጉበን ላለመምታት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ቁመቱ ከቤቱ ሰው ሁሉ በላይ ነው። የግንባታ ዕቃ ይነግዳል፤ አማቱን ይህን አሮጌ ቤት አፍርሰን ፎቅ እንሥራ ብሎ ለምኖ የሰለቸ ሰው ነው።

«በዚህ መስኮት አየኋት» አለች ናዝራዊት። «ምድጃውን ይዛ ወደ መኪናው ስትሄድ። ለእማዬ ሙቀት ልታስገባላት መስሎኝ ተውኳት። እኔና ቃልዬ ወዲያው ተኛን።» እጇን ወደ መስኮቱ ስትዘረጋ አስካለማርያም ከሹራቡ እጅጌ ላይ የፍንጣሪ እሳት የበሳት ትንሽ ቀዳዳ አየች።

«አቶ ቃለጽድቅ፣ እርስዎስ መኪናዋን እንዴት አገኟት?»

«እኔ ከመጣች ወዲህ እግሬም አልገባባት። ምን ልሠራ? ከዚያ አልጋ ላይ እኔ ብተኛ ግማሽ እግሬ ደጅ ያድራል። ረዥሟን እንግዛ ብዬ ነበር። እሳቸው ‹ረዥሟ ከቅያሳችን አትታጠፍም› ብለው አጭሯን ገዙ።»

«አጭር ከሆነች ተጨማሪ አልጋ ምን አስፈለገ?»

«ለሉሲ ነዋ!» አለ፣ ምሬቱን መደበቅ አቅቶት። «ደህና የነበረውን ጣሪያ አስቀድደው ቆጥ ያሠሩት ለእሷ ነው። ‹ግቢዬን በአባቶቼ መቃብር ፊት መርቄ እሰጣለሁ› ይሉ ነበር። ለማን እንደሚሰጡ ቆጡ ይናገራል።»

«እንዲህ ከሆነ እኮ ሉሲ ማንም እንዲገድላቸው አትፈልግም። ቢያንስ መንገዱ እስኪያልቅ።»

ናዝራዊት የምታለቅስ መሰለችና መሐረቧን ፈለገች።

ኢንስፔክተሯ አስኮ ላለው የጋራዥ ባለቤት ስልክ አስደወለች። ደግፌ ድንጉጥና ለፍላፊ፣ ቁመቱ ከሉሲ የማይበልጥ ሰው ነው። እንደደረሰ ገና ከበሩ ሳያልፍ መማል ጀመረ። «አየር ማስገቢያውን ከፍቼ ነው ያስረከብኩት። ዝጉት አላልኩም። በእኔ እጅ የሞተ ሰው የለም።»

«ማንም አልወቀሰህም። ና፣ ከእኛ ጋር ቁም።»

አምስቱም ከመኪናዋ በር ፊት ቆሙ። ባልና ሚስቱ ተደጋግፈው፣ ሉሲ ፈንጠር ብላ፣ ነገሬ ከኋላዋ፣ ደግፌ መሐል። ለቀስተኛው ጆሮውን አቆመ።

«መጀመሪያ የገረመኝ ነገር ይኸ ነው» አለች አስካለማርያም። «ጉልበታቸው የሚያማቸው ሴት፣ ታች ሰፊ አልጋ እያለ፣ ለምን ከቆጥ ላይ ተኙ?»

«ልትሞክረው ነዋ» አለች ናዝራዊት።

«የሚሞክር ሰው ወጥቶ ይወርዳል። እሳቸው ግን ጋቢ ተከናንበው ተኝተዋል። ላይ የወጡት ታች ሌላ ሰው ስለተኛ ነው። ስፖንጁ ጎድጉዷል።»

«ሉሲ ናታ!»

«ለሉሲ ሻሽ አያስሩም። ራሳቸውን እያመማቸው ሻሽ አጥብቀው የተኙት ወንድ ስለነበረ ነው።»

«እኔን እንዳይሉ ብቻ» አለ ደግፌ።

«ግባና ተኛ።»

ደግፌ ጫማውን አውልቆ ታችኛው አልጋ ላይ ተጋደመ። እግሩ ከስፖንጁ ጫፍ አልደረሰም፤ ሳንቃዋ ባዶዋን ቀረች። ከለቀስተኛው መሐል አንዱ ሊስቅ ቃጥቶት ሳል አስመሰለው።

«ተነሣ። አሁን ንገረኝ፤ ይህችን ሳንቃ ለማን ሠራሃት?»

ደግፌ ጫማውን አነሣ። «ምስጢር ነበረች እኮ። ከእሳቸውና ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም። እኔን ደምበኛ ሁሉ ሲመጣ ‹ስንት ሰው ታስተኛለች?› ነው የሚለኝ። እሳቸው ግን ማን የት እንደሚተኛ አንድ በአንድ ነገሩኝ። ‹አማቼ ረዥም ነው፣ እግሩን አጥፎ እንዳያድር አልጋውን አስረዝምልኝ። ሳንቃዋን ራሴ ስቤ አሳየዋለሁ፣ እስከዚያ እንዳትናገር› አሉኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ወደ ረዥሙ አማች ዞረ።

«መሰላሉስ?»

«መሰላሉን ያሰፋሁት ለእሳቸው ጉልበት ነው። ‹ልጆቼ ከታች፣ እኔና ሉሲ ከላይ› አሉ። ‹በዚህ ጉልበትዎ እንዴት ይሆናል?› ብላቸው፣ ‹በእኛ ቤት አማች ከአማቱ ራስ በላይ አይተኛም። እኔ ልመም እንጂ እሱ አይፈር› አሉኝ።»

«ለእኛ?» አለች ናዝራዊት። «ታችኛው አልጋ ለእኛ ነው?»

አስካለማርያም ወደ ቃለጽድቅ ዞረች። እርስዎ ማለቱን ትታለች።

«ቆጡ ይናገራል አልከኝ። እውነትህን ነው፣ ተናገረ። ከመጣች ወዲህ አልገባሁባትም ያልካት መኪና ውስጥ፣ ማንም የማያውቃት ሳንቃ ለአንተ ቁመት ተስባ አድራለች። የሳቡልህ እሳቸው ናቸው። ‹አብሬዎት ልጓዝ፣ ዛሬ ልሞክራት› ብለህ ገባህ። ደስ አላቸው። ሻሻቸውን አሰሩልህ፣ ሳንቃዋን ሳቡልህ፤ አንተን ላለማሳፈር ደግሞ በታመመ ጉልበታቸው ቆጥ ላይ ወጡ። አንተም ወግ አዋቂ ነህና ከራሳቸው በላይ መተኛትን ተጸየፍክ። እንቅልፍ እስኪወስዳቸው ታች ተጋድመህ ጠበቅህ። ግቢው ለሉሲ የሚሰጥ መስሎህ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው። በአባቶቻቸው መቃብር ፊት ሊመርቁ ይዘዋችሁ የሚሄዱት እናንተን ነበር።»

ቃለጽድቅ አልካደም። ረዥም ሰው ነውና ሁሉም ፊቱን ለማየት ቀና ማለት ነበረበት።

«አንድ ያልገባኝ ነገር ቀርቷል» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሳንቃዋን ሲስቡልህ ለምን እንዳሠሯት ነገሩህ?»

«ነገሩኝ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ግቢውንም ጭምር።»

«ታዲያ?»

ሚስቱን አያት። «ከሰሉ ተያይዞ ነበር» አለ። «ምድጃውን ይዛ ደጅ ቆማለች። ምን ብዬ ልመልሳት?»

ናዝራዊት እጅጌዋን በሌላው እጇ ሸፈነች። ያን ያደረገችው ማንም ሳይጠይቃት ነው። አስካለማርያም እጇን በዝግታ አነሣችላትና ቀዳዳዋን ለነገሬ አሳየችው። ናዝራዊት ቀዳዳዋንም ሳጅኑንም አላየችም፤ ባሏን ብቻ ነበር የምታየው። «እያወቅህ?» አለችው። «እማዬ ነግራህ እያወቅህ ምድጃውን ከእጄ ተቀበልከኝ?»

«ስንት ካቴና ይዘሃል?» አለች አስካለማርያም።

«አንድ» አለ ነገሬ፣ አፍሮ።

«ባልና ሚስት ናቸው፤ ይበቃቸዋል።»

ነገሬ የባልየውን አንድ እጅ ከሚስቱ አንድ እጅ ጋር አሰረ። በድንኳኑ በኩል ሲያልፉ ናዝራዊት የቻለችውን ያህል ከባሏ ለመራቅ ሞከረች፣ ብረቱ ግን አላራቃትም። ሌሊቱን ሳይተኛ ያደረ የሚመስለው ቃለጽድቅ ከግቢው በር ጉበን ሥር ጎንበስ ብሎ ወጣ።

ያን ጊዜ ከለቀስተኛው መሐል አንዱ አግዳሚ ወንበር አነሣ። ወንበሩ ከእጅ ወደ እጅ ተላልፎ ሉሲ ከቆመችበት ደረሰ። «ተቀመጪ እንጂ የእኔ ልጅ» አሏት አንዲት አሮጊት፣ ጠዋት ነጠላቸውን ሰብስበው ከአጠገቧ የሸሹት። ሉሲ አልተቀመጠችም።

«ኢንስፔክተር» አለች፣ «አስከሬኑን ሳይወስዱት አንድ ነገር ላድርግ?»

«ምን?»

«ሻሻቸውን ልፍታላቸው። እንዲህ ታስሮ ካደረ ራሳቸውን ያማቸዋል።»

አስካለማርያም ሐኪሙን አየችው፤ ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። ሉሲ ጫማዋን አውልቃ፣ ለታመመ ጉልበት የተሠራውን መሰላል ቀስ ብላ ወጣች።