እሁድ የበሉት ሴሎች

ሰኞ ማለዳ ረዳቷ ሃኒና ዘበኛው አንሙት አብረው በሩን ሲከፍቱ፣ ዶክተር ሥራነሽን በቀዝቃዛው ክፍል ወለል ላይ ተደፍታ አገኟት። በደብረ ማርቆስ ዳር ባለችው ትንሽ የምርምር ቤት ወደ ልዩ ልዩ አካል ማደግ ከሚችል ስቴም ሴል የልብ ጡንቻ እያሳደገች፣ ልባቸው በተጎዳ በጎች ላይ ትሞክር ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እንደ ልማዷ ሴሎች በቅዝቃዜ የሚቆዩበትን በርሜል በፈሳሽ ናይትሮጂን ስትሞላ፣ የአየር ማስወጫው ማራገቢያ ጠፍቶ ጋዙ አፍኗት ነበር።

የፖሊስ አለቃዋ ለኢንስፔክተር አይናዲስ የሰጣት ትእዛዝ አጭር ነው፤ ማራገቢያውን ዘበኛው ከመብራቱ ጋር አጥፍቶታል፣ እስከ ቀትር መዝገቡ ተዘግቶ ፍርድ ቤት ይቅረብ። አይናዲስ ስልኩን ዘግታ ወደ ውስጥ ዘለቀች።

አንሙት በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጧል። ያጠፋው የኮሪደሩን አምፖል ብቻ መሆኑን በአራት ልጆቹ ስም ማለ። እሷ ግን በሩን ነበር የምታየው። መቀርቀሪያውም የማራገቢያው ማብሪያም በውጭ በኩል ናቸው። የበሩ ውስጠኛ ገጽ ደግሞ ከታች በጫማ ተደብድቦ ቀለሙ ተልጧል።

በላቦራቶሪው ማይክሮስኮፕ ስር የልብ ሴሎቹ ትር ትር ይላሉ።

«የተነከሩበት ምንድን ነው?» አለቻት ሃኒን።

«ምግባቸው ነው። ስንሰጣቸው ቀይ ነው፣ በማግስቱ ይገረጣል፣ በሁለተኛው ቀን ቢጫ ይሆናል።» ሃኒ ጎንበስ ብላ አየች። «ገርጥቷል እንጂ ቢጫ አልሆነም፤ ትናንት ሰው አብልቷቸዋል። ዛሬ ማንም አልነካቸውም።»

«ምግቡ የት ነው የሚቀመጠው?»

«ቀዝቃዛው ክፍል፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ።»

ሃኒ ሌላም ነገር ነገረቻት። ሐሙስ ገንዘብ ሰጪ እንግዶች ይመጣሉ፤ በጎቹ ድነዋል የሚለውን ሪፖርት ሥራነሽ አልፈርምም ብላ ነበር። የምርምር ቤቱ ኃላፊ ፕሮፌሰር ሙላት በበኩሉ ከአርብ ወዲህ ግቢውን እንዳልረገጠ ለአይናዲስ ተናገረ።

አይናዲስ የሃኒ ዘመዶች ወደሚኖሩበት ወደ ሮብ ገበያ ደውላ ከጨረሰች በኋላ ሦስቱንም በሩ ፊት አቆመቻቸው።

«በሩ ክፍት ቢሆን ዶክተሯ ለምን ትደበድበዋለች? ማራገቢያውን ያጠፋው ሰው ከውጭ ቀርቅሮባታል። እሁድ ደግሞ አንድ ሰው ከፍቶ ገባ። ሬሳዋን ተሻግሮ ምግቡን አወጣ፣ ሴሎቹን አበላ። ከዚያ ዝም አለ። እንዲህ ዝም የሚለው የቀረቀረው ብቻ ነው።»

«ዘበኛው ይሆናላ» አለ ሙላት።

«ጋሽ አንሙት፣ ሴል አብልተው ያውቃሉ?»

«እኔ የማበላው ላሜን ነው።»

«ማብላት የሚያውቁት ሦስት ናቸው። አንዷ ሞታለች። ሃኒ ከአርብ ጀምሮ ሮብ ገበያ የአጎቷ ተስካር ላይ ነበረች፤ ዛሬ ንጋት ነው የተሳፈረችው። ጋሽ አንሙት እሁድ ቅዳሴ ሲሄዱ የግቢው በር ጠባቂ እንደሌለው ደግሞ እርስዎ ያውቃሉ፣ ፕሮፌሰር።»

ሙላት አንገቱን ቀና አደረገ እንጂ አልካደም። «አንቺ ልጅ፣ እነዚህ ሴሎች የስንቱን ልብ እንደሚጠግኑ ታውቂያለሽ? እሷ አንድ ፊርማ ከልክላ ሥራውን ልታስቀረው ነበር። በረሃብ ይሙቱ ብዬ ልተዋቸው?»

«ለሴሎቹ ራርተዋል፤ ለእሷ ግን አልራሩም» አለች አይናዲስ፤ ካቴናውን ከአንሙት እጅ ፈትታ በሙላት እጅ ላይ አጠለቀች።

ስልኳ ጮኸ። አለቃው መዝገቡ ተዘግቶ እንደሆነ ጠየቀ።

«አልዘጋሁትም፣ ጌታዬ። ገና አሁን ከፈትኩት።»

ሃኒ ሪፖርቱን ከጠረጴዛው አነሳች። ድነዋል የሚለውን ሰርዛ «ገና አልዳኑም» ብላ ጻፈች፤ ባዶ በቀረው የሥራነሽ ፊርማ ቦታ ስር የራሷን ስም ፈረመች። ከዚያ እጇን ታጥባ የነገውን ምግብ ልታዘጋጅ ገባች።