የሁዳዴው ወተት

«ልጄ ራሷን አልገደለችም! እንዲህ ብሎ የሚጽፍ እጁ ይሰበር!»

ይርገዱ በራቸው ላይ ቆመው ማንንም አላስገባም ብለዋል። ኢንስፔክተር በለጡ ከመካነ ሰላም ፖሊስ ጣቢያ ተጠርታ ስትደርስ የቀበሌው ሰዎች ነገሩን ጨርሰውት ነበር፦ ከዐረብ አገር የተመለሰችው ብዙአየሁ ፀረ ተባይ መድኃኒት በወተት በጥብጣ ጠጣች፤ አለቀ። እንዲህ ተብሎ ከተመዘገበ ፍትሐት አይደረግላትም። ሰኞ በወረዳው ፍርድ ቤት የሚሰማው ክሷም አብሯት ይቀበራል።

«እትዬ ይርገዱ፣ እኔን ያስገቡኝ» አለች በለጡ። «የሚጻፈውን የምጽፈው እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከመደቡ ሥር ተዘርግታለች፤ አጠገቧ ግማሽ ብርጭቆ ወተትና የመድኃኒቱ ጠርሙስ። በለጡ ተንበርክካ አሸተተች። ቀሚሷ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል፤ አፏ ግን አይሸትም። ሻሿን ፈታ ስታደርገው አንገቷ ዙሪያውን በልዟል። ከሻሹ ሥር ጥቁር ማተብ አለ፤ ማተቡ ላይ ደግሞ ጫፉ የሾለ ትንሽ የብረት መስቀል። የመስቀሉ ጫፍ ላይ ደም ደርቋል፤ የልጅቷ ቆዳ ግን የትም አልተቧጨረም።

«ሻሹን አታወልቅም ነበር?»

«አሠሪዋ ፀጉሯን ላጭታ ነው የላከቻት፤ አፍራ ነው» አሉ ይርገዱ። «ወይ ልጄን! ያ ንጉሡ የሚሉት ደላላ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሃያ አራት አስብሎ፣ ስሟን ፈትሂያ ብሎ ፓስፖርት አወጣላት። ማተቧን ያኔ ነው ያስበጠሳት። እዚህ የፈረመችውን ውል እዚያ ቀደው ሌላ አስፈረሟት፤ ፓስፖርቷን ቀምተው ቆለፉባት። እሷ ግን እንደ ሌላው አንገቷን ደፍታ አልቀረችም። ያለ ፈቃድ ሰው ይልካል ብላ ከሰሰችው!»

ታናሿ በዛችም በሐሰት ስም ፓስፖርት ወጥቶላት ለመሄድ ተሰናድታ ነበር። ያስቆማት የእህቷ ክስ ነው። ክሱ ከተዘጋ በዛች ትሄዳለች፤ ከሷ ጋር የተመዘገቡትም ሴት ልጆች ይሄዳሉ።

እናትየው ቅዳሴ ላይ ሳሉ ሦስት ሰዎች ግቢው መግባታቸውን ጎረቤት አይቷል። በለጡ ለየብቻ አነጋገረቻቸው።

አጎቷ ካሳ ላብ አጥምቋቸዋል። «ገብቻለሁ፤ አልደብቅም። ለፓስፖርቷ ሃያ አራት ዓመቷ ነው ብዬ የማልኩት እኔ ነኝ። ክሱን ተይልኝ ብዬ እግሯ ላይ ወደቅሁ።»

«ምን አለችዎት?»

«‹አጎቴ፣ እውነቱን ይናገሩና አብረን እንቁም› አለችኝ። ወይ እኔ!»

ሁለተኛው ጎረቤታቸው፣ የቁርኣን መምህሩ ሸህ ሰዲቅ ናቸው። በሰፈሩ የምትታለብ ላም ያለቻቸው እሳቸው ብቻ ስለሆኑ ውጭ የቆመው ሰው ማጉረምረም ጀምሯል።

«ወተቱ ከእርስዎ ቤት ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል፤ ለሻይ ቤቶቹ ሁሉ እንሸጣለን። ለሷ መስጠት ግን? አስተግፊሩላህ! በሁዳዴ እኛ ቤት ስትመጣ ተልባ ነው የሚበጠበጥላት። ማተቧን መልሳ ስታስር ለኔ አሳይታኛለች። ዛሬ የገባሁት ‹ሰኞ እመሰክርልሻለሁ፣ አትፍሪ› ልላት ነው።»

ንጉሡ ካፖርቱን ደርቦ ቀኝ እጁን ኪሱ ከትቶ መጣ። «ለእርቅ ነው የገባሁት። ስታለቅስ ነው ትቻት የወጣሁት። ዐረብ አገር አእምሯቸውን አዙሮ ይልካቸዋል፤ ምን ይደረግ።»

«በሁዳዴ ወተት መጠጣቷ አልገረመዎትም?»

«ኧረ እሷ ምን ሁዳዴ አላት! ከሰለመች ቆይታለች። ሻሿን አላዩም እንዴ?»

በለጡ ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸውና «ሸህ ሰዲቅ፣ መጀመሪያ ዱዓ ያድርጉልን» አለች። እንደ አገሩ ወግ ክርስቲያኑም እስላሙም መዳፉን ዘረጋ። «አሚን! አሚን!» ይላል ሰዉ። በለጡም ዘርግታለች፤ ዓይኗ ግን እጅ እጁን ነበር የሚያየው።

«ብዙአየሁ መርዝ አልጠጣችም» ብላ ጀመረች። «የጠጣ ሰው አፉ ይሸታል፤ የሸተተው ቀሚሷ ነው። የሞተችው በገዛ ሻሿ ታንቃ ነው። ወተቱና መርዙ ከሞተች በኋላ አጠገቧ የተቀመጡ ናቸው። ያመጣቸው ሰው ልጅቷ እንደማትጦም እርግጠኛ ነበር። ጋሽ ካሳ አብረዋት ያስቀድሳሉ። ሸህ ሰዲቅ ማተቧን አይተዋል። ብዙአየሁን ሳይሆን ፈትሂያን ብቻ የሚያውቅ አንድ ሰው ነው ያለው። እሱም ፈትሂያን የፈጠራት ሰው ነው።»

ንጉሡ ሳቀ። «በወተት ሰው ይከሰሳል? እናንተ ሰዎች ደኅና ናችሁ?»

«በወተት ብቻ አይደለም» አለች በለጡ፤ አሁን አንቱታውም ቀርቷል። «ሻሹን ጨምድደህ ስታንቃት ከሥሩ መስቀል መኖሩን አላወቅህም፤ ወጋህ። መስቀሉ ላይ የደረቀው ደም የሷ አይደለም። ሰው ሁሉ ሁለት መዳፉን ሲዘረጋ አንተ አንዱን ብቻ ያወጣኸው ለምንድን ነው? እጅህን አውጣ!»

አላወጣም። ዘለው ክንዱን የያዙት ካሳ ናቸው። መዳፉ በጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ሲፈታ መሐሉ ላይ የተወጋ ትኩስ ቁስል ታየ።

«ሰኞ ብትቀርብ ስንቱ ቤት ይዘጋ ነበር!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ። «ስንቱን ደሃ ያበላሁ ሰው ነኝ!»

«ያበላኸንማ የልጆቻችንን ላብ ነው!» አሉ ይርገዱ። እንባቸው ይወርዳል።

ቅዳሜ ፍትሐት ተደርጎላት ተቀበረች። ሰኞ ይርገዱ ከሐዘን ፍራሻቸው ተነሥተው፣ በዛችን አስከትለው ፍርድ ቤት ገቡ። ሸህ ሰዲቅ ቀድመው ተቀምጠዋል። ዳኛው የብዙአየሁን ስም ሲጠሩ ከኋላ «ሞታለች» የሚል ድምፅ ተሰማ።

ካሳ ተነሡ። «በሐሰት የማልኩት እኔ ነኝ፤ እሰሩኝ፤ ግን መጀመሪያ ስሙኝ።»

በዛች ግን ተራዋን አልጠበቀችም። ነጠላዋን አጥብቃ ወደ ፊት ወጣች።

«ክሱ አይዘጋም» አለች። «እኔንም በሌላ ስም ሊልከኝ ነበር። በዛች እባላለሁ፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው። ይጻፍልኝ።»