ከጽዱ ጀርባ የቆመው ሰው

እንድርያስ ከወገዳ ደብር ማዶ ካለው ገደል ሥር ሞቶ የተገኘው በ2009 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ነው። የደብሩን ደን ሊቆጥር የመጣ ባለሙያ ነበር። አንድ ሜትር በትር ከግንዱ አስደግፎ በስልኩ ፎቶ ያነሣል፤ ከበትሩ ጋር እያነጻጸረ የዛፉን ውፍረት ያሰላል። «አዳልጦት ነው» ተብሎ ሊቀበር ሲል ምክትል ኢንስፔክተር ካሣነሽ የሁለት ሰዓት መንገድ በእግሯ ተጉዛ ደረሰች።

ስልኩ ከኪሱ ተገኘ፤ መስታወቱ ቢሰነጠቅም ይሠራል። ካሣነሽ ደጀ ሰላሙ ሥር ተቀምጣ አራት መቶ አሥራ ሁለት ፎቶ አየች። ሁሉም ዛፍ ነው። የእናት፣ የወዳጅ፣ የራሱም ፊት የለበትም። እሷም ወደዚህ አገር ከተዛወረች ወዲህ ያነሣችው የሬሳ ፎቶ ብቻ መሆኑ ትዝ አላትና ባር ባር አላት።

ሦስት ሰዎች ጠየቀች። ባልደረባው ህይወት ከእሱ ጋር ተኳርፈው ለየብቻ ይሠሩ እንደነበር አልደበቀችም። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ቀለመ ወርቅ እንድርያስ የሞተ ጠዋት ቤታቸው ዳዊት ሲደግሙ ነበር። ሚስቱ ከሞተች ጀምሮ ጫካው ዳር ብቻውን የሚኖረው ጥበቃ ዋለ፣ ከጎጆው በር ጎንበስ ብሎ ወጥቶ፣ ወደ ገደሉ በኩል ጨርሶ እንዳልሄደ ነገራት።

ካሣነሽ ጫካውን ዞራ አየች። ከዚያ ሦስቱንም መጨረሻ ላይ ፎቶ የተነሣው ትልቅ ጽድ ሥር ሰበሰበቻቸው።

«እንድርያስ በትሩን ሁልጊዜ ከግንዱ ስለሚያስደግፈው ዘመም ይላል» አለች። «እዚህኛው ፎቶ ላይ ግን ከግንዱ ተነጥሎ ቀጥ ብሏል። ሰው ይዞለታል ማለት ነው። ሰውየውን ግንዱ ሸፍኖታል፤ ጥላውን ግን አልሸፈነውም።»

«የራሱ የእንድርያስ ጥላ ይሆናላ» አለ ዋለ።

«የእሱ ቢሆን ከፎቶው ግርጌ ይነሣ ነበር። ይኼ ከግንዱ ጀርባ ነው የሚወጣው። የሰውየው ጥላ የበትሩን ጥላ ሁለት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። በትሩ አንድ ሜትር ነው፤ ሰውየው ወደ ሁለት ሜትር የሚጠጋ ረጅም ነው።»

ቄስ ቀለመ ወርቅ በእርጅና ጎብጠዋል፤ ህይወት ከካሣነሽ ትከሻ አታልፍም። ዓይን ሁሉ ወደ ዋለ ዞረ። ካሣነሽ ጥቂት እርምጃ ሄዳ የተከመረውን ቅጠል ገለጠች፤ ሦስት የጽድ ጉቶ ወጣ።

«አያ ዋለ፣ ቀጥሎ የሚቆጠሩት እነዚህ ነበሩ።»

ዋለ ከጉቶው ላይ ተቀመጠ። የልጁ ቤት ሲቃጠልባት ለምሰሶ እንደቆረጣቸው ተናገረ። ያን ጠዋት እንድርያስን ወደ ሌላ በኩል ሊመልሰው በትር ያዘለት፤ አልሆነለትም። ገደሉ አፋፍ ላይ ለመነው። እንድርያስ ያየሁትን እጽፋለሁ ብሎ ዞር ሲል ገፋው።

«የደብር ዛፍ ቆራጭ የተገዘተ ነው» አለ ዋለ። «የተገዘተ ደግሞ ከቤተ ክርስቲያን አይቀበርም። ሚስቴ እዚያ አጥሩ ውስጥ ናት። ከጎኗ ቦታ ትቼ ነበር።» ቀና ብሎ ቄሱን አየ። «አባ፣ አሁንስ?»

ቄስ ቀለመ ወርቅ ወደ ጉቶዎቹ አቀረቀሩ።

ካሣነሽ ካቴናውን አወጣች፣ መልሳም ከተተችው። እሷና ዋለ ጎን ለጎን ወደ ፖሊስ ጣቢያው የሚወስደውን ቁልቁለት ጀመሩ።