የደምሰው ውጤት

ደምሰው ጠዋት ጠዋት ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ አጥሚቱን ፉት እያለ የግራ መንጋጋውን በጣቱ ይዳስሳል። እብጠቱ ጠፍቷል። መጀመሪያ የጥርስ ሕመም መስሎት፣ ሞኙ ሰውዬ፣ ሁለት ደህና ጥርሶቹን አስነቅሎ ነበር፤ የመንጋጋ ሊምፎማ የተባለ ካንሰር መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። ሐኪሙ «ከአስር ሰው ስድስት ሰባቱ አምስት ዓመት ይሻገራል» ሲለው ደምሰው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። «ልጄ ሁለት ዓመት ይቀራታል። ምርቃቷ ላይ እደርሳለሁ?» ሕሊና አንድ ልጁ ናት፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች።

ሚስቱ ትርንጎ የመጨረሻውን የምርመራ ውጤት ልትቀበል ሰኞ አዲስ አበባ ሄዳ ማክሰኞ ማምሻውን ተመለሰች። «ጠፍቷል፤ ድነሃል» አለችው፣ ግድግዳውን እያየች። ዓይኗ አብጧል። ጉንፋን ነው አለች። ለበሽተኛ እውነቱ እንደማይነገር ደምሰው ያውቃል፤ የገዛ አባቱን «ጨጓራ ነው» እያለ ነው የቀበረው።

ረቡዕ ስልኩን አጣው። «ተበላሽቶ ለሠሪ ሰጠሁት» አለችው። ሬዲዮውም ከቦታው የለም። ትርንጎ ጓዳ ገብታ ቧንቧ ትከፍታለች፤ ውሃው ከባልዲው ሞልቶ ሲፈስ ይሰማል፣ ከውሃው ድምፅ ሥር ደግሞ አፏን በነጠላዋ ያፈነች ሴት ሲቃ። ጎረቤቶች በር ላይ ሲያንሾካሹኩ ቆይተው እሱን ሲያዩ ይበተናሉ። ወደ ማታ ከአጥሩ ወዲያ የእድሩ ድንኳን ብረቶች፣ እንዳይሰማ እየተባለ፣ አንድ በአንድ ሲወርዱ ሰማ፤ ታጥፎ የከረመ ሸራ ሽታም አፍንጫው ደረሰ። «በቁሜ ሊተክሉልኝ ነው» ብሎ ሊስቅ ሞከረ። አልሆነለትም፤ አለቀሰ። መኖር ፈልጎ ነበር።

ሐሙስ ገና ጎህ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደሰንበት ከሦስት ሽማግሌዎች ጋር ገቡ። ቁጭ በሉ ቢላቸው ማንም አልተቀመጠም።

«ገብቶኛል፣ ጋሼ» አለ ደምሰው። «ስንት ወር ቀረኝ? ብቻ አደራ፣ ለሕሊና እንዳትነግሯት። ፈተና ላይ ናት።»

ጋሽ ወልደሰንበት ትከሻውን ያዙት።

«አንተማ ድነሃል፣ ልጄ። ትርንጎ አልዋሸችህም፤ ገና ብዙ ዘመን ትኖራለህ» አሉት። «ሕሊና ናት መዳንህን ሰምታ፣ ደስታዋን አልችል ብላ፣ ልታቅፍህ ስትመጣ አውቶብሱ ተገልብጦ መንገድ ላይ የቀረችው።»