ቀስቷ የከፈተችው ፎቶ

ማመን አለማመን የእናንተ ፋንታ ነው... ነገሩ ግን የደረሰው በማውቃት ሴት ላይ ነው። ያውም በጠራራ ፀሐይ።

ከሚሴ፣ ዋናው መንገድ ዳር። ከቀኑ ስምንት ሰዓት።

ኮድ የማያውቅ ሰው የራሱን የስልክ አፕ የሚሠራበት አንድ ፕሮግራም አለ። ነጅዋ የዚያን መመሪያ ፎቅ ላይ ካለው ቤቷ ሆና ትጽፋለች። ሰው ግን መመሪያ ማንበብ ይሰለቸዋል። ስለዚህ አንባቢው ራሱ እየነካ የሚሞክረው ዴሞ በየገጹ እንድትጨምር ታዘዘች።

የዚያን ቀን የያዘችው "ፎቶ እንዴት ይጨመራል" የሚለውን ገጽ ነበር። ዴሞው ላይ አንዲት ነጭ ቀስት የቱ ጋ እንደሚነካ ታሳያለች። ትንሿ ልጇ ዓፊያ ከኋላዋ ፍራሽ ላይ ተኝታለች።

ነጅዋ እጇን ከኮምፒውተሩ አንስታ ውሃ ጠጣች።

ቀስቷ ግን... ተንቀሳቀሰች።

"ፎቶ ጨምር" የሚለውን ነካች።

ነጅዋ ለሥራ ባልደረባዋ ለፋሪዳ ደወለች። ልጇ እንዳትነቃ በሹክሹክታ...

"ፋሪዳ፣ ዴሞውን እየነካሽ ነው?"

"የቱን?"

"የፎቶውን።"

"ገና አልላክሽልኝም እኮ!"

ስክሪኑ ላይ ፎቶ ተከፈተ።

የራሷ ክፍል ነው። የራሷ ጀርባ። ስልኩ ጆሮዋ ላይ...

ፎቶው ውስጥ ዓፊያ አልተኛችም። ፍራሹ ላይ ቁጭ ብላ፣ እጇን ወደ በሩ ዘርግታለች። በሩ ገርበብ ብሏል።

ነጅዋ ቀስ ብላ ዞረች።

ዓፊያ ተኝታለች። በሩ ተቆልፏል።

"አዑዙ ቢላህ..."

ቀስቷ እንደገና ነካች።

ሁለተኛ ፎቶ። ፍራሹ ባዶ ነው። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

ከኋላዋ መቀርቀሪያው ቀጭ አለ።

ብድግ ብላ ዞረች። በሩ ተከፍቷል... ሰው ግን የለም። ልጇን ከነብርድ ልብሷ አፈፍ አድርጋ በባዶ እግሯ ደረጃውን ወረደች።

ታች ሱቅ ያላት ሐቢባ ደንግጣ ተነሳች።

"ያ ረቢ! ማል ታቴ? ምን ሆንሽ?"

"ልጄን... ልጄን ሊወስዳት..."

"ማን?"

ነጅዋ ወደ እቅፏ አየች። ዓፊያ እቅፏ ውስጥ ናት። ትተነፍሳለች። አልሐምዱሊላህ።

ሐቢባ ወደ ደረጃው ቀና አለች። ፊቷ ተለወጠ።

"ነጅዋ..." አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ላይ የምታለቅሰው ማናት ታዲያ?"

ነጅዋም ሰማች።

"እማ... እማ፣ ለምን ጥለሽኝ ሄድሽ?"

የዓፊያ ድምፅ ነው።

እቅፏ ውስጥ ያለችው ልጅ ትንሿን እጇን አነሳች... የነጅዋንም ጆሮ በቀስታ ደፈነችው።