የእሜቴ መሪ

«ጌታው የሉም እንዴ?»

ይቺ ናት የመጀመሪያ ቃሉ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ፊት ለፊቱ ቆሜያለሁ፤ ቱታ ለብሻለሁ፤ እጄ እስከ ክርኔ ግራሶ ነው። እሱ ግን በትከሻዬ አሻግሮ ሌላ ሰው ይፈልጋል። እስቲ ፍረዱኝ፣ እንዲህ ዓይነት ሰው ይወደዳል?

«የቱን ጌታ ነው የፈለግከው?» አልኩት፣ ብረት የምቀርጽበትን ቶርኖ እያጠፋሁ።

«ባለሙያውን። ብረት የሚቀርጹትን።»

«አባቴ ምሳ ሊበላ ገብቷል። እስከዚያ ችግርህን ለኔ ብትነግረኝ ምላስህ አይቆረጥም።»

እስከ ጆሮው ድረስ ቀላ። እውነቱን ልናገርና፣ ደህና አድርጌ ያየሁት ያኔ ነው። ረጅም ነው። ፀጉሩ ላይ ሰጋቱራ ተነስንሷል። ዓይኑ ደግሞ... ኧረ ዓይኑን ተዉት!

አናጢ ነው። በር ላይ ያቆማት ቫን እሱ ሳይወለድ የተሠራች፣ ክብ መብራት፣ ሰፊ ሆድ፣ ቀለሟ የለቀቀ አሮጊት ናት። እናቱ በወጣትነታቸው ገዝተዋት፣ ራሳቸው እየነዱ፣ አትክልት እየጫኑ ልጆቻቸውን አሳድገውባታል። ስሟንም እሳቸው ናቸው ያወጡላት፤ እሜቴ።

«መሪዋ አልታዘዝ አለኝ» አለ። «ግማሽ ዙር ካላዞርኩት ጎማው አይሰማም። ዕቃው ከገበያ ከጠፋ ዘመን የለውም። ያላገላበጥኩት የአሮጌ ብረት ክምር የለም። እናቴ ደግሞ ‹እሜቴን ከምትጥሏት እኔን ጣሉኝ› ትላለች።»

«እናትህ ልክ ናቸው» አልኩትና ከመኪናዋ ሥር ገባሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመሪው ሥር አንድ ዘንግ አለ፤ ዙሪያውን ጠመዝማዛ ቦይ ተቆርጦበታል። ቦዩ ውስጥ አንዲት የብረት ጣት ትሄዳለች። መሪው ሲዞር ዘንጉ ይዞራል፣ ዘንጉ ጣቷን ይገፋል፣ ጣቷ ጎማውን ታዞራለች። የእሜቴ ቦይ ግን በዕድሜ ብዛት ተበልቶ፣ ጣቷም አልቃ፣ እንደ ላላ ጥርስ ትወዛወዛለች።

«ይሠራል» አልኩት ከሥር ወጥቼ።

«ማን ይሠራዋል?»

‹እኔ› የምትለው ቃል አፌ ላይ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«አባዬ።»

ለምን እንደዋጥኳት ልንገራችሁ። አባቴ ስሙ የተጠራ ባለሙያ ነው፤ ‹እሳቸው ከነኩት አለቀ› ይባልለታል። ግን ከሁለት ዓመት ወዲህ እጁ ይንቀጠቀጣል። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠው፤ ‹እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽዎትም› ብሎም ነገረው። ከዚያ ወዲህ እሱ በር ላይ ወንበር ይዞ ደንበኛ ያናግራል፣ እኔ ውስጥ እቀርጻለሁ፣ ሥራው በሱ ስም ይወጣል። ቁጭ ብለን የተስማማንበት ነገር አይደለም፤ እንዲሁ ሆነ። ሰው ቢያውቅበት አባቴ በቁሙ ይሞታል። ስለዚህ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። እኔ ደግሞ ኩራት ራቴ ነው የምል ሰው ነኝ! የገዛ ሥራዬ በሌላ ስም ሲመሰገን መስማት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ የቀመሰው ያውቀዋል።

ለዘንጉ የሚሆን ጠንካራ ብረት እስኪገኝ ድረስ አናጢው እግሩን ከኛ በር አልነቀለም። አንድ ቀን ‹ብረቱ ተገኘ ወይ?› ብሎ ይመጣል። አንድ ቀን ‹በዚህ ሳልፍ› ይላል። ቤቱ በዚህ በኩል አይደለም እኮ!

«እንጨት ይሻላል» ይለኛል ሊያበሽቀኝ። «እንጨት ሊሰበር ሲል ይጮሃል፣ ያስጠነቅቅሻል። ብረት ግን ተንኮለኛ ነው፤ ዝም ብሎ ቆይቶ ነው ጉድ የሚሠራሽ።»

«ብረት ባለቤቱን አይቶ ነው» እለዋለሁ።

አንድ ጊዜ ከኪሱ የሞረድ እጀታ አውጥቶ ሰጠኝ። ከጥሩ እንጨት ጠርቦ፣ ልጎ፣ ዘይት አጠጥቶታል። ስይዘው መዳፌ ውስጥ ልክክ አለ።

«የእጄን ልክ መቼ ለካኸው?»

«ሰላም ስንባባል» አለና አቀረቀረ።

ምን አለፋችሁ፣ ያን ቀን ውሃ ሆንኩ። አራት የብረት ቀለበት ቀርጼ ሦስቱን አበላሸሁ።

የመሪዋን ጣት መጀመሪያ ሠራኋት። አባቴ በር ላይ አስረከበው። አናጢው ወደ ብርሃን ይዞ አገላበጣት፣ በጥፍሩ ዳሰሳት፣ ከዚያ ወደኔ መጣ።

«አቤት የአባትሽ እጅ! ይሄን የሠራ እጅ እኮ መሳም ነው ያለበት!»

እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሳቄም እንባዬም እኩል መጡብኝ።

«ምነው?» አለኝ።

«ምንም። ብናኝ ገብቶብኝ ነው።»

በመጨረሻ ከአሮጌ የጭነት መኪና የወጣ ደህና ብረት ተገኘ። እኔ ዘንጉ የሚሽከረከርበትን ኩሽኔታ ልገዛ ሌላ ከተማ ድረስ ሄጄ አድሬ ተመለስኩ። ከሩቁ የእሜቴ ሞተር ሲያጓራ ሰማሁ። በሩ ላይ አባቴ ቆሟል፤ ኮቱ በብረት ፍቅፋቂ ተሞልቷል፣ ፊቱ በርቷል።

«ሠራሁት!» አለኝ። «በገዛ እጄ! ሌሊቱንም አልተኛሁ። እችላለሁ አላልኩሽም?»

ምንም ብሎኝ አያውቅም። ግን እንዲህ ሲስቅ ካየሁት ሁለት ዓመት አልፎት ነበርና አልተከራከርኩትም።

መኪናዋ ውስጥ አናጢው መሪውን ይዟል፤ እናቱ ጎኑ ተቀምጠዋል። ከግቢው ሊወጣ ወደ ቀኝ አዞረ። የእሜቴ ጎማ ወደ ግራ ዞረ።

ክው አልኩ!

«ቁም! ፍሬን ያዝ!»

አልሰማኝም። ወደ ግራ ስትሄድበት ደንግጦ ይበልጥ ወደ ቀኝ ጠመዘዘ፤ እሷ ደግሞ ይበልጥ ወደ ግራ ሄደች። የተቃጠለ ዘይት ያለበትን በርሜል ገጭታ ቆመች። ዘይቱ መንገዱን አጥለቀለቀው።

የሆነው ነገር ወዲያው ገባኝ። የምንሠራው ብሎን ሁሉ ማለት ይቻላል ጥርሱ የሚቆረጠው ወደ ቀኝ ነው። የእሜቴ ዘንግ ግን ወደ ግራ የተቆረጠ ነበር። አርባ ዓመት ወደ ቀኝ የለመደ እጅ፣ ልቡ ሁሉ ‹እንዳልንቀጠቀጥ› ላይ ሆኖ፣ በልማዱ ወደ ቀኝ ቆረጠው። ጣቷ ለሁለቱም ስለምትገጥም ምንም አላስጠረጠረም። ጎማውን በክሪክ አንስቶ ማየትን ደግሞ ደስታው አስረሳው።

እናትየው በሩን ከፍተው ወረዱ። ቀሚሳቸው ዘይት ነክቷል።

«ልጄ፣ እሜቴም እንዳንተ እልኸኛ ሆነች እንዴ?» አሉ ሊያስቁን። ማንም አልሳቀም። የመንገዱ ሰው ተሰብስቧል።

አናጢው ፊቱ አመድ መስሏል። «እናቴ እኮ ነበረች ውስጥ! ዋናው መንገድ ላይ ቢሆን ኖሮስ? ማነው ይሄን የሠራው?»

አባቴ አፉን ከፈተ። በዚያች ቅጽበት አሥር ዓመት ሲያረጅ አየሁት...

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«አንቺ?» ዞረብኝ። «እኔ ለአባትሽ ነው እኮ የሰጠሁት!»

«እኔ ነኝ አልኩህ።»

«ካልቻልሽ አልችልም ማለት ምን ነውር አለው? የሰው ነፍስ መጫወቻ ነው?»

አንገቴን አልደፋሁም። ግን ቃሉ አንጀቴን ቆረጠው። እሜቴን በሌላ መኪና አስጎትቶ ሲሄድ ዞር ብሎ እንኳ አላየኝም።

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ጺሙን ተላጭቶ፣ የክት ኮቱን ለብሶ ቶርኖ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ምላጩ አገጩን ሁለት ቦታ ቧጭሮታል።

«ተነሺ፣ አብረን እንሄዳለን።»

«የት?»

«የበላሁትን ስምሽን ልመልስ።»

«አባዬ ተው... እኔ ችዬዋለሁ።»

«እኔ አልቻልኩትም!» አለ። ድምፁ እንደ ድሮው ነበር።

አናጢ ቤቱ ስንደርስ ሠራተኞቹ መጋዛቸውን አቆሙ። እናትየው ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። አናጢው እኔን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ወደዚህ እይ» አለው አባቴ። እጁን ዘረጋ። እጁ በሰው ሁሉ ፊት ተንቀጠቀጠ፤ እሱም አልደበቀውም። «ይሄን እጅ እይ። የትናንቱን ዘንግ የቆረጠው ይሄ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ ደግሞ የቆረጠው እሱን ብቻ ነው።»

«ጋሼ...»

«ዝም ብለህ ስማኝ! ሁለት ዓመት ሙሉ በስሜ የወጣው ሥራ በሙሉ የሷ ነው። ሰው ‹እጅዎ ይባረክ› ሲለኝ አንገቴን ቀና አድርጌ የተቀበልኩት የሷን ምርቃት ነው። ትናንት ደግሞ ጥፋቴን ወሰደችልኝ። ምስጋናውን ለኔ፣ ስድቡን ለሷ! እንዲህ ዓይነት ልጅ አይገባኝም ልበል? አይ! የኔ ናት! የኔ ልጅ ናት!»

እኔ ማልቀሴን ያወቅኩት አገጬ ሲረጥብ ነው።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ እናትየው በቀስታ።

አናጢው ወደኔ መጣ። «ለምን እኔ ነኝ አልሽ?»

«አባቴ ነዋ!»

ድንገት የአናጢው ዓይን ፈጠጠ።

«ቆይ... ያቺን የመሪ ጣትም አንቺ ነሽ የሠራሻት?»

«ማን መሰለህ?»

ምን ብሎ እንደነበር ትዝ አለውና ቲማቲም መሰለ።

«ይቅር በዪኝ» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«እዚህ አይሆንም» አልኩት እንባዬን እየጠረግኩ። «የሰደብከኝ በመንገዱ ሰው ፊት ነው። ይቅርታውንም እዚያው አምጣ።»

እናንተዬ፣ አመጣ! እሜቴን አስጎትቶ፣ በራችን ላይ ቆሞ፣ ባለሱቁ ከሱቁ፣ ጎማ ጠጋኙ ከጎማው እስኪወጡ ድረስ ጮኾ ተናገረ። «ትናንት እዚህ ቆሜ ‹አትችይም› ያልኳት እኔ ነኝ! ተሳስቻለሁ! የእናቴን መኪና መሪ ከሷ በቀር ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም!» ጎማ ጠጋኙ አጨበጨበ። እኔ የቀረውን ብረት አንስቼ ገባሁ። ኮራ ብዬ ነው የተራመድኩት።

አባቴ በር ላይ አልተቀመጠም። ቶርኖው አጠገብ ወንበሩን አመጣ። እሱ ልኩን እያነበበልኝ፣ እኔ እየቆረጥኩ፣ ወደ ግራ፣ ቀስ እያልን...

«ጥቂት ጨምሪ።»

«ይበቃል አባዬ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። «ልክ ነሽ፣ ይበቃል» አለ።

ዘንጉን በእሳት አጠነከርነው፣ ላዩን አለሰለስነው፣ ገጠምነው። ጎማዎቹን በክሪክ አንስተን መሪውን አዞርኩ። ቀኝ ሲሉት ቀኝ፣ ግራ ሲሉት ግራ። አናጢው ቁልፉን ሊቀበለኝ እጁን ሲዘረጋ እናቱ መቱት።

«የሠራችው ትንዳት! አንተ ከኋላ ግባ።»

ስለዚህ እኔ መሪውን ያዝኩ። እናትየው ጎኔ ሆኑ፤ አባቴና አናጢው ከኋላ ጣውላ ላይ ተቀመጡ። ዳገቱን ወጣን፣ ትልቁን ጠመዝማዛ ዞርን። እሜቴ ስነካት ትሰማለች፣ ስለቃት ትመለሳለች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።

«ጋሼ» ሲል ሰማሁ ከኋላ። «አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር።»

«ጠይቅ።»

«ልጅዎን... ማለቴ... ስለ ልጅዎ...»

«እኔን ምን አስጠየቀህ?» አለ አባቴ። «ሁለት ዓመት በሷ ፋንታ ስናገር ኖሬያለሁ፤ ይበቃኛል። እቻት፣ ራሷን ጠይቃት።»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት። «ታገቢኛለሽ?»

«እየነዳሁ ነው እኮ!» ብዬ ጮህኩ።

«መልሺለት እንጂ ልጄ» አሉ እናትየው። «መሪው እንደሆን ተስተካክሏል!»

እሜቴን ዳር አስያዝኳት። ሞተሩን አጥፍቼ ወደ ኋላ ዞርኩ። ጣውላ ላይ ተኮራምቶ፣ ትንፋሹን ውጦ ያየኛል።

«ቶርኖዬን አልተውም» አልኩት።

«ማን ተዪ አለሽ!»

«እንግዲያው አገባሃለሁ።»

እጄን ያዘና ሳመው፣ ግራሶው እንዳለ። እናትየው እልልታቸውን አቀለጡት። ሞተሩን አስነስቼ ቁልቁል ስንወርድ አባቴ የጎኑን መስኮት ከፍቶ አንገቱን አወጣ፤ በመንገዱ ለሚያልፈው ሰው ሁሉ፣ ለሚያውቀውም ለማያውቀውም፣ መጮህ ጀመረ።

«የዚችን መኪና መሪ የሠራችው የኔ ልጅ ናት! ሰማህ? የኔ ልጅ ናት!»

ማንም የጠየቀው ሰው አልነበረም።